የገጠር ልጆች ንባብና ነፃ መጻሕፍት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ነፃ የተረት መጻሕፍትን ለየአካባቢያችን ልጆች ስለማላመድ ጠይቁኝ። ከወዲሁ ግን፦ መጽሐፉን ከመንካታችሁ በፊት ፈቃዱን፣ ማለትም ባለቤቱ መለወጥና መሸጥ መፍቀድ አለመፍቀዱን፣ አንብቡ።

ጌታሁን፦ ጋሼ፣ መጻሕፍቱ ከየት ይገኛሉ?
መልስ፦ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር ከሚባሉ ድረ ገጾች። ሁለቱም ላይ አማርኛ አለ። ፈቃዱን አንብቡ።

ትዕግሥት፦ የእንግሊዝኛውን ደረጃ አንድ፣ የጀማሪዎቹን መጽሐፍ፣ ተርጉመን ለአንደኛ ክፍል ብንሰጥስ?
መልስ፦ ጎሽ! የኔም ጉዳይ ይኸው ነው። እዚያ ደረጃ የሚወጣው በአብዛኛው በቃላት ብዛት ነው። አማርኛ ላይ አይሠራም። አምስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት የነበሩት «አልተመለሰችም» ሆነው ቁጭ ይላሉ። ቃሉ አንድ፣ ፊደሉ ስምንት። ልጁ «ሰችም» ላይ ሲደርስ «አል» ማለቱን ረስቶታል። ስለዚህ ሥዕሉን ውሰዱ፣ ጽሑፉን እንደ አዲስ ጻፉ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ልጆቹ እስካሁን የለዩትን ዘርዝሩና ከዚያ አትውጡ። «በጉ መጣ። ለማ በጉን አየ።» በቃ። ታሪኩ ቢቀጥን ግድ የለም። ከዚያ ለጥቂት ልጆች ስጡና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ሁሉም የተደናቀፉበት ቃል ይውጣ።

ያሬድ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀን አንድ ብናደርግ እኮ ይቀላል።
ወለተ፦ ኧረ ተው! ነገ ደግሞ ሠና ሰን ልትል ነው። «ሠረቀ» (ፀሐይ ወጣ) እና «ሰረቀ» (ሌባ ወሰደ) አንድ ሊሆኑ?
ያሬድ፦ የሰባት ዓመት ልጅ ይሄ ምኑ ነው?
ወለተ፦ ዛሬ ያልለመደውን ነገ ማን ያስተምረዋል?
መልስ፦ ይህን ክርክር አያቶቻችንም አልጨረሱት። ወደ ጉዳያችን።

ናሆም፦ ታብሌት ብናድልስ?
መልስ፦ በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ተሞክሯል። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው ተጫወቱበት፣ የእንግሊዝኛ ፊደልም ዘመሩ። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ አንብቦ መረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው። ወረቀት አትሙ።

መቅደስ፦ እንዴት እናትም?
መልስ፦ ኤ4 ለሁለት ታጥፎ፣ የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል፣ መሃሉ በስቴፕለር። ፎንቱን (የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል) ፒዲኤፉ ውስጥ አካትቱ። አለዚያ ማተሚያ ቤት ሲከፈት ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ይሆናል።

ዳዊት፦ ሸጠን ወጪውን ብንመልስስ?
መልስ፦ ፈቃዱ ምን ይላል? አንዱ ስማችንን ጥቀስ እንጂ ለውጥም ሽጥም ይላል። ሌላው ለንግድ ይከለክላል። ሌላው ጭራሽ እንዳትለውጥ ይላል።

ሙሉጌታ፦ መጻሕፍቱን ከየት እናውርድ?
መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነበበ ሰው የለም?

ሀና፦ ባጠቃላይ ንባብን እንዴት እናሻሽል?
መልስ፦ ስንተኛ ክፍል? በየትኛው ቋንቋ? ልጆቹ ስንት ፊደል ለይተዋል? እነዚህን ይዘሽ ነይ።