ለተፎካካሪ ቡድን አሰልጣኝ ሐዘን በስታዲየም

ጥያቄ፦ የተፎካካሪያችን ክለብ የተከበሩ አሰልጣኝ አርፈዋል። ቡድናቸው አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ሲመጣ ሐዘናችንን እንዴት እንግለጽ? (ደጋፊዎች፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። የሕሊና ጸሎቱን ደጋፊ ብቻውን አይወስንም፤ ጥያቄውን በክለባችሁ በኩል ለቅድመ ጨዋታው ስብሰባ አቅርቡ። የጨዋታው ኮሚሽነርና ዳኛው አስቀድመው ይወቁ። አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ዝምታው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጥላቻ አይደለም፤ በር ላይ ያለው ሰው ሳይሰማ እየዘፈነ ስለሚገባ ነው። በየበሩ ሁለት ሁለት አስተባባሪ አቁሙ፤ ከበሮና ጥሩንባው ቡድኖቹ ሜዳ ከመግባታቸው 5 ደቂቃ ቀድሞ ጸጥ ይበል። መጀመሪያውም መጨረሻውም በዳኛው ፊሽካ ይሁን፤ አለዚያ ግማሹ ሲያጨበጭብ ግማሹ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የማንቸስተር ዩናይትድ የቀድሞ አሰልጣኝ ማት በዝቢ ሲያርፉ፣ የተጋጣሚው የኤቨርተን ደጋፊዎች በዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ ዝምታውን እስከ መጨረሻው ጠብቀዋል፤ እስካሁን በክብር ይነሣላቸዋል።

ስታዲየም ውስጥ ለሚዘረጋው የሐዘን ጽሑፍ (ባነር) 6 በ1.5 ሜትር ጥቁር ጨርቅ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማያንሱ ነጭ ፊደላት። ቀለሙ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ ይጋባልና ተዘርግቶ ይደር። የስማቸውን አጻጻፍ ከክለባቸው አረጋግጡ፤ የእናንተን ዓርማ ግን አታስገቡበት።

ለቅሶ የምትደርሱ ከሆነ ከጨዋታው በፊት፣ ሽማግሌ አስቀድማችሁ፣ ማልያ ሳትለብሱ ሂዱ።