ዕዳዬን ከፍያለሁ፤ «ስምህ አለ» ተባልኩ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያ የቤት ብድርና ያልተስተካከለ የብድር ታሪክ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ከዓመታት በፊት አንድ ብድር ተበላሽቶባቸዋል፣ ዛሬ ደግሞ ቤት መግዛት ይፈልጋሉ። አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ጤና ይስጥልኝ። በ2011 ከአንድ የማይክሮፋይናንስ ተቋም ለእንጨት ሥራ 150,000 ብር ተበድሬ ነበር። በ2012 በኮሮናው ወቅት ሥራው ቆመና ክፍያ አቋረጥኩ። ከዓመት በላይ ዘግይቼ በ2014 ከነቅጣቱ ጨረስኩ። አሁን በግል ድርጅት ተቀጥሬ በእጄ 42,000 ብር ይገባል። የቤት ብድር ስጠይቅ የባንኩ ሠራተኛ «ስምህ አለ» አለኝ። የከፈልኩት ዕዳ እስከ መቼ ይከተለኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ «ስምህ አለ» የተባለው በምን ምክንያት እንደሆነ ይለዩ። ባንኮችና የማይክሮፋይናንስ ተቋማት የደንበኞቻቸውን ብድር ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያሳውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ከዚያው ይጠይቃሉ። እዚያ ስም መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም፤ በሥርዓት የከፈለ ሰውም አለበት። ዋናው ነገር ከስምዎ ጎን የተጻፈው ነው።

ሦስት ዕድሎች አሉ። አንደኛው፣ ዕዳው ተከፍሎ አበዳሪው የመዝጊያውን መረጃ ሳይልክ ቀርቶ ብድሩ እስከ ዛሬ ክፍት ሆኖ መታየቱ ነው። ይህ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል፤ በተለይ ቅርንጫፉ ሲዘጋ ወይም ተቋሙ ወደ ባንክነት ሲያድግ። ሁለተኛው፣ ብድሩ ተዘግቶ የመዘግየት ታሪኩ ብቻ መታየቱ ነው። ሦስተኛው የሌላ ሰው ዕዳ በእርስዎ ላይ መመዝገቡ ነው። የስም አጻጻፍ መመሳሰልና የተሳሳተ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) እዚህ ጣጣ ያመጣሉ።

ስለዚህ ብድር የጠየቁበትን ባንክ የትኛው አበዳሪ፣ የትኛው ብድር፣ ምን ያህል ቀሪ እንደሚታይ በግልጽ ይጠይቁ። የራስዎን መረጃ የማወቅና ስህተት ካለ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለዎት። እርማቱን የሚልከው ግን መረጃውን መጀመሪያ የላከው አበዳሪ ነው፤ አዲሱ ባንክ በራሱ ሊሰርዝልዎ አይችልም። ወደ ቀድሞው አበዳሪ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የማመልከቻውን ቅጂ ገቢ አስደርገው ማኅተም ያስመቱበት።

ከዚያ ክሊራንስ (ዕዳው ማለቁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ) ከቀድሞው አበዳሪ ያውጡ። «ዕዳ የለበትም» የሚል ባለ አንድ መስመር ወረቀት አይበቃም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቲን ቁጥር፣ የብድሩ ቁጥር፣ የተወሰደበት ቀንና መጠን፣ ተከፍሎ ያለቀበት ቀን፣ ቀሪ ዕዳው ዜሮ መሆኑ ይጻፍበት። መያዣ ሰጥተው ከነበረ የእግድ ማንሻ ደብዳቤውን ለብቻው ይጠይቁ፤ ዕዳው አልቆ እግዱ ሳይነሳ የቀረ ንብረት ብዙ ነው። የከፈሉባቸውን ደረሰኞችም አይጣሉ።

ጉዳይዎ ከሦስቱ ዕድሎች ሁለተኛው፣ ማለትም ብድሩ ተዘግቶ የመዘግየት ታሪኩ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ የሚቀረው ብድሩን የሚፈቅደውን የባንኩን የብድር ኮሚቴ ማሳመን ነው። ብድር ከ90 ቀን በላይ ሳይከፈል ሲቆይ በተለምዶ «የተበላሸ» ተብሎ ይመደባል፤ የእርስዎ ከዓመት ስላለፈ በቀላል አይታይም። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ያኔ ለምን እንደተቋረጠና ያ ምክንያት ዛሬም ይኑር አይኑር ነው። አንድ ገጽ ማብራሪያ ይጻፉ፤ ልመና አይሁን፣ ቀንና ማስረጃ ይኑረው፦ የንግድ ፈቃዱ የተመለሰበት ወረቀት፣ አሁን የተቀጠሩበት ደብዳቤ፣ ደመወዝዎ በባንኩ የገባበት የአንድ ዓመት ዝርዝር። ደመወዝዎ በሌላ ባንክ የሚገባ ከሆነ ወደሚበደሩበት ባንክ አዛውረው ቢያንስ ስድስት ወር ማስቆጠሩ የማመልከቻውን ክብደት ይለውጠዋል። ቅድመ ክፍያውን ከፍ ማድረግም እንዲሁ። ባንኩ አሥር በመቶ ሲጠይቅ ሠላሳ ይዞ የመጣ ሰው የድሮ ታሪኩ በሌላ ዓይን ይታይለታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደሩ ወርሃዊ ክፍያው 13,913 ብር ገደማ ነው። ወለዱ 18 ከሆነ 15,433 ይደርሳል። ክፍያው ከተጣራ ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ አይለፍ የሚል ባንክ ዘንድ በ42,000 ብር የሚፈቀድልዎ 14,000 ብር ነው፤ እሱም በ16 በመቶ ወለድ አንዷን ሚሊዮን ለጥቂት ይሸፍናል፤ በ18 ግን አይበቃም። እስከ ግማሽ የሚፈቅድ ባንክ ሊያገኙ ይችላሉ፤ የድሮ መዘግየት ላለበት ሰው ግን አንመክርም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሁለተኛው መዘግየት ቤቱን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «አሁን አንሰጥም» ቢባሉ ሁልጊዜ በእርስዎ ታሪክ ምክንያት አይምሰልዎ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ጥሏል፤ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ በኋላ 18፣ ከዚያም በ2018 መጀመሪያ 24 ሆኗል። ኮታው ያለቀበት ቅርንጫፍ ንጹሑን ደንበኛም ይመልሳል። ምክንያቱን ጠይቀው ይረዱ፤ መልሱ «በጀት» ከሆነ ፋይሉ እንዲቆይልዎ ያድርጉ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ እኔ አንድም ቀን ተበድሬ አላውቅም። የባለቤቴ ወንድም መኪና ሲገዛ ግን ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። እሱ መክፈል አቁሞ አገር ለቋል። ይህ የእኔን የቤት ብድር ይነካል?

መልስ፦ ይነካል። ባንኮች የሚያስፈርሙት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ነው። ይህ ቃል ባለበት ውል ባንኩ ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይከስ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። የዋስትናውን ውል አውጥተው ያንብቡ፤ ለዋናው ገንዘብ ብቻ ነው የፈረሙት ወይስ ለወለዱና ለቅጣቱም?

የዝምታው ዋጋ በየወሩ ይጨምራልና ወደ ባንኩ ሄደው ዕዳው ዛሬ ስንት እንደደረሰ በሦስት ተከፍሎ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፦ ዋና ገንዘብ፣ ወለድ፣ የቅጣት ወለድ። መደራደር የሚቻለው በሦስተኛው ላይ ነው። መኪናው በመያዣነት ካለና የት እንዳለ ካወቁ ለባንኩ ያሳውቁ፤ በሐራጅ የሚገኘው ገንዘብ ከእርስዎ ድርሻ ይቀንሳል። እርስዎ ከከፈሉ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ከወንድምየው የመጠየቅ መብት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አለዎት፤ ደረሰኙ በእርስዎ ስም መቆረጡን ብቻ ያረጋግጡ። በእሱ ሒሳብ በእሱ ስም ገቢ አድርገው በኋላ «እኔ ነኝ የከፈልኩት» ማለት ክርክር ይወልዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ባንኩ ብድሩን ከመዝገቡ ሰርዞታል» ቢባሉ አይዘናጉ። መሰረዝ የባንኩ የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ዕዳውን ምሯል ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ ባለቤቴ የተበላሸ ብድር አለበት። እኔ መምህርት ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ። በስሜ ብቻ ብጠይቅስ?

መልስ፦ በስምዎ ማመልከት ይችላሉ፤ እሱን ከጉዳዩ ማውጣት ግን አይችሉም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት ከተጋቢዎቹ አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት የጋራን የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ መስጠት ወይም ከ500 ብር በላይ መበደር አይችልም። ስለዚህ ባንኩ የጋብቻ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ባለቤትዎም ይፈርማሉ፤ ሲፈርሙ የእሳቸውም መረጃ ይታያል። «ያላገባች» የሚል ማስረጃ ከወረዳ አውጥቶ ማቅረብ የሚመክሩ ደላሎች አሉ። ሐሰተኛ ማስረጃ ነው፤ ውሉን ያፈርሳል፣ ያስከስሳልም።

የሚያዋጣው መንገድ ለቅድመ ክፍያ ካጠራቀሙት ላይ ቀንሶ የእሳቸውን ውዝፍ መዝጋት ነው። ቅድመ ክፍያው ይዘገያል። ክፍት የተበላሸ ብድር ባለበት ቤት ግን ቅድመ ክፍያው እጥፍ ቢሆንም ኮሚቴው አይፈቅድም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የድሮ ዕዳዬን ጨርሼ መረጃዬም ተስተካክሏል። ባንኩ «ቤት ፈልገህ አምጣ» ብሎኛል። አንድ ቪላ በ5,000,000 ብር ተስማምቼ 200,000 ቀብድ ልሰጥ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቀብዱን ዛሬ አይስጡ። ባንክ የሚያበድረው በተስማሙበት ዋጋ ላይ ሳይሆን የባንኩ መሃንዲስ በሚያወጣው የቤቱ ግምት ላይ ነው፤ ግምቱም ብዙውን ጊዜ ከገበያው ዝቅ ይላል። መሃንዲሱ 3,800,000 ብር ቢገምትና ባንኩ 70 በመቶ ቢሰጥ የሚያገኙት 2,660,000 ነው። የቀረውን 2,340,000 ከኪስዎ ያወጣሉ፤ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያ፣ የእሳትና የሕይወት መድን በላዩ አለ። ቀብድ መስጠት ግድ ከሆነ «ባንኩ ካልፈቀደ ወይም ግምቱ ከዚህ መጠን ካነሰ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ በውሉ ይግባ። ያለዚያ እምቢ ያለው ገዢ ቀብዱን ያጣል።

ከዚያ በፊት ካርታው። በከተማዋ ዳርቻ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ መሬት፣ ጨረቃ ቤት፣ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚባል ቤት ለባንክ መያዣ አይሆንም፤ የቱንም ያህል ያማረ ይሁን። ካርታ ካለ የሰጠው የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው ወይስ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው ሸገር ከተማ? ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ገላን በሸገር ሥር ናቸው፤ የዕዳና እገዳ ማጣሪያው ካርታውን ከሰጠው አስተዳደር ይወሰዳል። አንዳንድ ባንክ የክልሉን ካርታ የሚቀበለው በተወሰኑ ቅርንጫፎች በኩል ብቻ ነውና ቤት ከመፈለግዎ በፊት ይጠይቁ። በካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው አጥር ካልተመጣጠነ፣ ወይም ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ካለ፣ መሃንዲሱ ያንን ከግምቱ ያወጣዋል።

ወደ ኮንዶሚኒየም ካዘነበሉ ደግሞ ለሻጩ ከተላለፈ አምስት ዓመት መሙላቱንና የባንክ ዕዳው መከፈሉን ይዩ። በውክልና የሚሸጥን ቤት በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው አይጠፋም፤ ባንክ ግን ስሙ የማይዛወር ቤት ላይ አያበድርም።

ጥያቄ (ከአያት)፦ በስልኬ 1,500 ብር ተበድሬ ሲሙን ስለቀየርኩ ሳልከፍል ዓመት አለፈኝ። ይህም ይቆጠራል?

መልስ፦ በስልክ የሚመጣው ብድር ምንጩ ባንክ ነው፤ የስልኩ መተግበሪያ ማስተላለፊያ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም የባንክ ብድር ይቁጠሩት። ብድሩ የተያዘው በድሮው ቁጥር ስለሆነ በአዲሱ ሲም ሒሳቡ ባዶ ቢያሳይዎ አይታለሉ። ብድሩን የሰጠው ባንክ ቅርንጫፍ በፋይዳ መታወቂያዎና በድሮው ስልክ ቁጥርዎ ይቅረቡ፣ ከነቅጣቱ ይክፈሉ፣ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበሉ። ይህን የቤት ብድር ማመልከቻ ከማስገባትዎ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይጨርሱት፤ ባንኩ ወደ ብድር መረጃ ማዕከሉ የሚልከው መረጃ እስኪታደስ ጊዜ ይወስዳልና።