መዝገቡ ላይ ያገኘሻት «ኢትዮጵያዊት»

ሰላም እህቴ፣

ለንደን ታሪክ እየተማርሽ ነው። በድሮ የእንግሊዝ አጥቢያ መዝገቦች ውስጥ የጥቁር ሰዎችን ሕይወት መፈለግ ሥራዬ ቢሆን ደስ ይለኛል ብለሻል። ቤተሰብ ግን «ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይልሻል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ ላይ «ኢትዮጵያዊት» የሚል አንብበሽ እንባሽ እንደመጣም ጽፈሽልኛል።

ከእንባው ልጀምር። ያኔ ጸሐፊዎቹ ከየትም የመጣን ጥቁር አፍሪካዊ «ኢትዮጵያዊ» ሊሉት ይችሉ ነበር። ቃሉን ከግሪክ ወርሰውት እንጂ አገራችንን ማለታቸው አልነበረም። ሴትዮዋ ከጊኒ ልትሆን ትችላለች። አይክፋሽ። መዝገቡ ያላለውን አትጨምሪበት።

ያለውን ግን አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢው። ሜሪ ፊሊስን ተመልከቻት። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1597 ለንደን አልድጌት በሚገኘው ቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች። ትውልዷ ከሞሮኮ ነው፤ የምታገለግለው አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ጸሐፊው አባቷ ቅርጫትና አካፋ ሠሪ እንደነበር እንኳ አልዘለለም። ከመጠመቋ በፊት «አባታችን ሆይ»ን ደግማለች። እኔ ይህችን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ድምጿ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

አንቺ ደግሞ ሌላው የሌለው ነገር አለሽ። የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ከቤትሽ ታውቂያለሽ። ዘመን ማስላትም አይከብድሽም። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ ዓመቱን የሚቀይሩት ማርች 25 ላይ ነበር። ስለዚህ «ፌብሩዋሪ 1640» የሚል ካየሽ በዛሬው አቆጣጠር 1641 ነው።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ጥናቱ ብቻውን ደመወዝ የሚያስገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። የቤተ መዛግብት ባለሙያነት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዩሲኤል እና ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስ ያስተምሩታል፤ የስኮትላንዱ ደንዲ ዩኒቨርሲቲ በርቀትም ይሰጣል። እስከዚያው የጥንቱን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ልመጂ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኦንላይን ላይ በነፃ ያስተምራል። ከዚያ አንድ አጥቢያ ብቻ ምረጪና ሠንጠረዥ ሥሪ። በአንዱ ረድፍ የጸሐፊውን ቃል ከነስህተቱ ቅጂ፣ በሌላው አንቺ የተረዳሽውን። ስታመለክቺ ይህንን አያይዢው፤ ከዩኒቨርሲቲ የውጤት ወረቀትሽ ይልቅ ስለ አሠራርሽ የሚናገረው እሱ ነው።

እንባሽን ያመጣችውን መስመርም እንዳለች ቀድተሽ ላኪልኝ። ቀኑ ከማርች 25 በፊት ከሆነ ዓመቱን አብረን እናስላው።