ዝም ያለው ሰርቨር

ልጆቼ፣

ሰርቨር መጠበቅ ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። ምክር ስትጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ትልልቁ ነገር ነው፤ ስለ ክላውድ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አንድ ትንሽ ሥራ ነው። በየሰርቨሩ ላይ የተጫነው የባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ሶፍትዌር ስንተኛ ቨርዥን እንደሆነ የሚጠይቅ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የትዕዛዝ ፕሮግራም፣ ስለ መጻፍ። ሲሰሙት የአሥር መስመር ጉዳይ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን በአሥር መስመር ጽፌው ነበር። ያሳፈረኝም እሱው ነው።

ያን ጊዜ የምሠራበት ድርጅት 60 ያህል ሰርቨሮች ነበሩት። ቨርዥኖቹ በኤክሴል ሰንጠረዥ በእጅ ይመዘገባሉ፤ ሰንጠረዡና እውነታው ከተለያዩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ የሰርቨሮቹን ስም ከፋይል እያነበበ ሁሉንም በየተራ የሚጠይቅ ስክሪፕት ጻፍኩ። የሚያወጣው ያረጀውን ብቻ ነው፤ ያረጀ ካላገኘ ምንም አይጽፍም። ሰኞ ጠዋት አስኬድኩት። ምንም አልጻፈም። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ “ሁሉም ደህና ናቸው” አልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአንድ ዳታቤዝ ሰርቨር ዲስክ ተበላሸ። መረጃውን ከባክአፑ ለመመለስ ስንነሳ፣ በዚያ ማሽን ላይ የነበረው ኤጀንት (መረጃውን ለባክአፕ የሚልከው ትንሽ ፕሮግራም) ዋናው የባክአፕ ሰርቨር ከታደሰ ወዲህ ከእሱ ጋር መግባባት ያቆመ አሮጌ ቨርዥን ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻው የተሟላ ቅጂ 7 ሳምንት አልፎታል። ስክሪፕቴን ከፍቼ አየሁት። ወደዚያ ሰርቨር የሚላከውን ጥያቄ ፋየርዎሉ ይመልሰዋል። ስክሪፕቱ ይህን እንዳይናገር አፉን የዘጋሁት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ቀዩ የስህተት ጽሑፍ ስክሪኑን ስላቆሸሸብኝ ስህተቶችን በዝምታ እንዲያልፍ አዝዤው ነበር። ለካ የነገረኝ “ያረጀ የለም” ብሎ ሳይሆን “ያረጀ አላየሁም” ብሎ ነው።

ስለዚህ ስክሪፕታችሁ ሦስት መልስ ይኑረው፦ አዲስ ነው፣ አሮጌ ነው፣ አላወቅሁም። 60 ስም ካስገባችሁ 60 መስመር ይውጣ። አንድ መስመር ከጎደለ የቀረውን ሳታነብቡ የጎደለውን ፈልጉ።

ማንን እንደምትጠይቁም እወቁ። በዊንዶውስ ላይ ከኢንተርኔት የምትገለብጡት ስክሪፕት ብዙ ጊዜ ዊን32 ፕሮዳክት የሚባለውን ክፍል ይጠይቃል። ተጠንቀቁት። ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ይመስላል እንጂ፣ በዊንዶውስ ኢንስታለር የተጫነውን እያንዳንዱን ፕሮግራም አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ጉድለት ያገኘበትን ደግሞ ሳይጠየቅ ሊጠግን ይነሳል። የክስተት መዝገቡን ብትከፍቱ 1035 ቁጥር ያለው መልእክት ተደርድሮ ታያላችሁ። ቨርዥን ልጠይቅ ብሎ የሥራ ሰርቨርን መነካካት ምን ይባላል? የማራገፊያ ዝርዝሩን ከሪጂስትሪው (ዊንዶውስ የተጫነውን ከሚመዘግብበት ቋት) አንብቡ፤ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች የሚመዘገቡበትን ሁለተኛውን ቦታም አትርሱ።

ሪጂስትሪው ራሱ ግን የሚነግራችሁ በጫኙ የተጻፈውን ነው። ማስተካከያ ፋይሎቹን ቀይሮ መዝገቡን እንደነበረ የሚተውበት ጊዜ አለ። እኔ የፕሮግራሙን ዋና ፋይል ቨርዥንም ጎን ለጎን አነባለሁ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የማምነው ፋይሉን ነው። እሱም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም። በሊኑክስ ላይ የፕሮግራሙ ጥቅል ታድሶ አገልግሎቱ ጠፍቶ እንደገና ካልተነሳ፣ በማህደረ ትውስታው (ራም) ውስጥ የሚሠራው አሮጌው ነው። የሚሠሩት ፕሮግራሞች በሚታዩበት በፕሮክ ማውጫ ሥር የሂደቱን ፋይል ብታዩት ከስሙ ቀጥሎ “ተሰርዟል” የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። የተጫነውና የሚሠራው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቁጥሩንም ሙሉውን ውሰዱ። “12 ነው” መልስ አይደለም። የቪም ባክአፕ ኤንድ ሪፕሊኬሽን ሰርቨር ያላችሁ እ.ኤ.አ. በ2024 አይታችኋል፦ 12.1.2.172 ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ነበረበት፣ 12.2.0.334 ደግሞ ቀዳዳው የተደፈነበት ነው። ሁለቱም 12 ናቸው። መረጃ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች በዚያው ቀዳዳ ገብተዋል። በቬሪታስ ባክአፕ ኤግዜክ ደግሞ ማስተካከያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ወጥቶ ሳለ፣ በጥቅምት 2022 ያልታደሱ ሰርቨሮችን የሚያጠቁ ታይተዋል። አጥቂው መጀመሪያ ባክአፑን የሚፈልገው እሱን ካጠፋ ሌላ መውጫ እንደማይኖራችሁ ስለሚያውቅ ነው። የእናንተን ቨርዥን ለማወቅ የሚተጋ ሌላም ሰው አለ ማለት ነው።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ እንደ ጽሑፍ አታነጻጽሩት። እኔ እንዲህ አድርጌ “9.5 ከ12.1 ይበልጣል” የሚል ሪፖርት አውጥቼ አውቃለሁ፤ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ስለሚወዳደር 9 ከ1 በለጠና አረፈው። የዊንዶውሱ የትዕዛዝ ቋንቋ ፓወርሼል ቨርዥንን እንደ ቨርዥን የሚያነብ የራሱ ዓይነት አለው፣ በሊኑክስም የሶርት ትዕዛዝ ቪ የተባለው ምርጫ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ ከመሰላችሁ የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠውን ድርጅት ጊትላብን አስቡ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ማውጫ ሰረዘ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ማከማቻው ባዶ ነበር። ዳታቤዙ የሚሠራበት ሶፍትዌር ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም 9.2 ስለነበር በየቀኑ ሥራውን ሳይጨርስ ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚናገረው ኢሜይል ይላካል፤ ተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ የላኪውን ማረጋገጫ ስላጣ ይመልሰዋል። በአጋጣሚ ከ6 ሰዓት በፊት የተነሳ የዲስክ ቅጂ ባይገኝ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ በከፋ ነበር። ድርጅቱ ሁሉንም ሳይደብቅ ስለጻፈው አከብረዋለሁ። እኔ ያኔ ሳነበው የታየኝ ግን የራሴ ስክሪፕት ነው፤ የቨርዥን አለመጣጣምና ዝምታ፣ ሁለቱም እዚያው።

ቨርዥኑ ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለትም ባክአፕ አለ ማለት አይደለም። ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚሉት ነው። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

የዛሬው ስክሪፕቴ 140 መስመር ሆኗል፤ በየጠዋቱ ይሄዳል። ከሪፖርቱ መጀመሪያ የማነበው “አላወቅሁም” የሚለውን ክፍል ነው። ዛሬ ሁለት ስሞች ነበሩበት። አንዱ ባለፈው ወር ከአገልግሎት የወጣ ማሽን ነው፤ ከዝርዝሩ መሰረዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ረስቼዋለሁ። ሁለተኛው ለምን እንደማይመልስልኝ ገና አልገባኝም፤ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜ ወደ እሱ ልሂድ።