ልኩ ከገጠመ ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፍሬዛ (ብረት እየቆረጠ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን) ላይ ነው የምሠራው። የማይክሮዌቭ ሬዲዮ የሚጠግን ደንበኛ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ፊልተር (የሚፈለገውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ ዕቃ) አምጥቶ «አምሳያውን ሥራልኝ» አለኝ። በካሊፐር እየለካሁ ቁርጥ እሱን አስመስዬ ሰጠሁት። «ሲግናሉን አያሳልፍም» ብሎ መለሰው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?
ባለ ፍሬዛው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ዕቃ ሥራውን የሚሠራው ቆርጠህ ያወጣኸው ባዶ ቦታ ነው። ዋሽንት ሲረዝም ድምፁ እንደሚወፍር፣ የፊልተሩም ክፍል በሰፋ ቁጥር የሚያሳልፈው ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል። ፊልተሩ የ10 ጊጋኸርዝ ነው እንበል። የክፍሉ ልኮች በሙሉ 0.25 በመቶ ቢሰፉ (20 ሚሊሜትር ላይ 0.05 ማለት ነው) 25 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። የአንድ ሬዲዮ ቻናል ስፋት ብዙ ጊዜ 28 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ከቻናሉ ወጣህ ማለት ነው። ካሊፐር ደግሞ እዚያው 0.05 አካባቢ ሊያታልልህ ይችላል። ለውስጥ ልክ የውስጥ ማይክሮሜትር ያዝ።

ቁራጩን ከማሽኑ እንደወረደ በትኩሱ አትለካው። 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም በ10 ዲግሪ ሙቀት 0.023 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ልኬት በዓለም ሁሉ የሚነገረው በ20 ዲግሪ ነው። ስስ ግድግዳ ሞርሳ ላይ አጥብቀህ ከያዝከውም ሲፈታ ይመለስና ልክህን ያጠፋዋል። የመጨረሻውን ስስ ቆረጣ ስትቆርጥ ሞርሳውን አላላው።

አሁን ወደ ውስጡ ገጽ። ውስጡ በብር ከተለበጠ፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የኤሌክትሪክ ጅረቱ የሚሄደው በብር ልባጩ ላይኛ 0.64 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ብቻ ነው። የመቁረጫው ጭረት ይህን ያህል ከጠለቀ ሲግናሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ስለዚህ በደነዘዘ መቁረጫ አትጨርስ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍገው። ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለች ስስ ብረት ካለች በማጉያ መነጽር እያየህ አንሳት።

ያመጣልህ ናሙና በብር የተለበጠ ከነበረ ደግሞ የለካኸው ከልባጩ በኋላ ያለውን ልክ ነው። በየግድግዳው 5 ማይክሮን ብር ቢኖር፣ አንተ ስትቆርጥ ክፍሉን በ10 ማይክሮን አስፍተህ ለለባጩ መስጠት አለብህ።

ክዳኑ ላይ ያሉትን የማስተካከያ ብሎኖች ልብ ብለህ አይተሃቸው ይሆን? በክፍሉ መሐል የሚገባው ብሎን ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ክፍሉን በጥቂት ማይክሮን አጥብበህ ብትተወው ደንበኛህ በብሎኑ ያወርደዋል፤ ካሰፋኸው ግን ብሎኑ አያድንህም። ማስተካከሉ ኔትወርክ አናላይዘር የሚባል፣ ፊልተሩ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደሚያሳልፍ በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ደንበኛህ ካለው ሁለተኛውን ስትሠራ አብራችሁ ተቀመጡና ግራፉን እያያችሁ ጨርሱት።