የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ ስትገዙ ከኋላ ጀምሩ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ። ሰኔ እየቀረበ ነው፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፣ ወላጁም ተማሪውም ጨንቆታል። አራቱን መርጬ መልሻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የጠየቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ላይ ደከም ትላለች። መጽሐፍ ልገዛላት ፒያሳ ወጥቼ ግራ ገብቶኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሁሉም ሽፋኑ ላይ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ ይላል። ሻጩ ወፍራሙን ውሰጂ አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ለልጇ ሦስት ገዝታለች። የቱን ልግዛ? ስንትስ ያስፈልጋታል? *(እናት፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ)*

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። አንድ ይበቃል። ግን በደንብ የተመረጠ ይሁን፣ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይሠራ። በማስተምርበት ጊዜ ሦስት አራት መጽሐፍ ተሸክመው የሚመጡ ልጆች ነበሩ፤ ከፍተሽ ስታዪ የሁሉም የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው የተሠራው። አንዱን ጨርሳ የሳተችውን ደግማ የሠራች ልጅ ከእነሱ በብዙ ትሻላለች።

ፒያሳ ከመመለስሽ በፊት ግን ቤት ውስጥ አንድ ሥራ አለሽ። ደብተሯንና የዘንድሮ ፈተናዎቿን አውጪና አብራችሁ እዩ። "ደከም ትላለች" በጣም ሰፊ ነው። ማባዛት ነው የሚያቅታት? ክፍልፋይ ነው? ወይስ ስሌቱን ትችልና ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ይጠፋባታል? ይሄ የመጨረሻው በጣም ብዙ ልጅ ላይ አለ። የ1,200 15 በመቶ ስንት ነው ስትባል 180 ትላለች። 1,200 ብር የነበረ ጋቢ ዋጋው በ15 በመቶ ቢቀንስ ስንት ይሸጣል ስትባልም ያንኑ 180 ጽፋ ታልፋለች። መልሱ 1,020 ነው። እንዲህ ላለች ልጅ ቁጥር ብቻ የደረደረ መጽሐፍ አይረዳትም፣ የቃላት ፕሮብሌም በብዛት ያለበት ነው የሚያስፈልጋት።

ሌላም ነገር አለ። የኛ አካባቢ ልጆች ታች ክፍል ሳሉ ትምህርታቸው ተቆራርጧል። በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ። በዚያ መሃል በወጉ ሳይማሩት ያለፉት ነገር አለ፣ ጥፋቱም የልጆቹ አይደለም። ስለዚህ ልጅሽ 3/4 እና 2/5ን መደመር ካቃታት ችግሩ ስድስተኛ ክፍል ላይ ላይሆን ይችላል። ትንሹን የጋራ ብዜት አታውቀው ይሆናል፣ ወይ የማባዛት ሰንጠረዡ ገና አልያዛትም። እንደዚያ ከሆነ ከጎረቤት የአምስተኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ተዋሺና ሁለት ሳምንት በእሱ ትሥራ። አታፍሪ፣ እሷም እንዳታፍር ንገሪያት። የስድስተኛውን አጋዥ ከዚያ በኋላ ብትገዢው ይሻላል።

አሁን ሱቅ ገባሽ እንበል። መጽሐፉን ከኋላ ክፈቺው። መልሶቹ ላይ። ጨርሶ መልስ የሌለውን መልሺው። 1 ሀ፣ 2 ሐ፣ 3 ለ እያለ ፊደል ብቻ የደረደረውም ብቻዋን ለምትሠራ ልጅ አይሆንም፤ እንደሳተች ይነግራታል እንጂ የት ጋ እንደሳተች አይነግራትም። የምትፈልጊው ቢያንስ ከበድ ያሉት ጥያቄዎች እንዴት እንደተሠሩ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ነው።

ከዚያ ከተለያዩ ምዕራፎች አምስት ጥያቄ ምረጪና እዚያው ቆማችሁ ሥሯቸው። አንቺ ካልሆነልሽ ዘጠነኛ ወይ አሥረኛ ክፍል ያለ የዘመድ ልጅ ይዘሽ ሂጂ። ከአምስቱ የአንዱ መልስ እንኳ ስህተት ከሆነ መጽሐፉን አስቀምጪውና ውጪ። ነገር አከበድክ እንዳትዪኝ፣ ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ተማሪ መሠረቱ 12፣ ከፍታው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ስፋት ተጠይቃ 30 ብላ ሠራች። ትክክል ናት። ከኋላ ያለው መልስ ግን 60 ይል ነበር፣ አዘጋጁ ለሁለት ማካፈሉን ረስቶታል። ልጅቷ የራሷን ትክክለኛ መልስ በላጲስ አጥፍታ 60 ጻፈች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሦስት ማዕዘን ባየች ቁጥር ለሁለት ማካፈል ተወች። ልጆች የታተመ ነገር ያምናሉ። ያን መጽሐፍ ግዙ ያልኳቸው እኔ ነበርኩ፣ መልሱን ሳልፈትሽ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምርጫዎቹንም እያቸው። ጥሩ አዘጋጅ ልጆች የት እንደሚሳሳቱ ያውቃል። 3/4 ሲደመር 2/5 ብሎ ጠይቆ ከምርጫዎቹ አንዱን 5/9 ያደርገዋል፤ ላዕልን ከላዕል (የላይኛውን ቁጥር ከላይኛው)፣ ታህትን ከታህት (የታችኛውን ከታችኛው) የደመረ ልጅ የሚያመጣው እሱን ነውና። ትክክለኛው 23/20 ነው፣ 1 ከ3/20 ማለት ነው። ምርጫዎቹ 5/9፣ 23/20፣ 7/20፣ 5/20 ከሆኑ አዘጋጁ አስቦበታል። 23/20፣ 100፣ 0 እና 1,000 ከሆኑ ግን ልጅቷ ምንም ሳትሠራ ታገኘዋለች፣ ፈተናው ደግሞ እንደዚያ አይመጣም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ያልሽውን በሽፋኑ አትመኚ። በየትምህርት ቤቱ ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። ውስጥ ገጹ ላይ የታተመበትን ዓመት እይ፣ ከዚያ በፊት ከሆነ የድሮው ነው። ከ2015 በኋላ የሆነውንም የልጅሽን መማሪያ መጽሐፍ ማውጫ ይዘሽ ሂጂና አስተያዪው። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ራሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ የታተመ አጋዥ የአዲስ አበባን መጽሐፍ ተከትሎ ሊሆን ይችላል፤ ያ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን የምዕራፉ ቅደም ተከተልና ቃላቱ ሊለዩ ይችላሉ።

ልጅሽ የግል ትምህርት ቤት ሆና ሒሳብን በእንግሊዝኛ የምትማር ከሆነ ደግሞ ፈተናው በየትኛው ቋንቋ እንደሚመጣ መምህሯን ዛሬውኑ ጠይቂ። መጽሐፉ በፈተናው ቋንቋ ይሁን። "ላዕል" እና "ታህት" የሚሉትን ቃላት ሰምታ የማታውቅ ልጅ ስሌቱን እያወቀች ጥያቄው ሊያልፋት ይችላል።

ወፍራም ይሁን ቀጭን አያስጨንቅሽ። አንድ ገጽ ላይ 10 ጥያቄ እንድትሠራ አድርጊያት። አሥሩንም ከሠራች ይቀላታል፣ ሁለት ብቻ ከሠራች ያስመርራታል። ስድስት ሰባቱን ከሠራች ያ መጽሐፍ የእሷ ነው። ቤት ስትገቡ የመልሱን ገጾች በስቴፕለር እሰሪያቸው፤ ከሠራች በኋላ አብራችሁ ክፈቱት። መጽሐፉ ላይ አትጻፍበት፣ ደብተር ላይ ትሥራ፣ ለመድገምም ለታናሿም ይሆናል። ሌላ ቀጭን ደብተር ስጫትና የሳተቻቸውን ብቻ እዚያ ትገልብጥ። እሑድ እሑድ እሱን ብቻ ትሥራ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሲለማመድ ካልኩሌተር ይጠቀም ወይ? በስልኩ እየሠራ መልስ ይሞላል። *(ታላቅ እህት፣ ከኮምቦልቻ)*

መልስ፦ አይጠቀም። ስልኩን ውሰጂው። ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ለማረም ብቻ ስጪው። 8 + 4 × 3 ስንት ነው ብለሽም ጠይቂው። 36 ካለሽ መደመሩን አስቀድሟል ማለት ነው። መልሱ 20 ነው፣ ማባዛቱ ይቀድማል። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት የምታዪው በእጁ ሲሠራ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው። መማሪያ መጽሐፉ ለሦስት ልጆች አንድ ነው የደረሳቸው። አጋዥ የሚሉትን ለመግዛት እጄ አጥሯል። ታላቁ የተማረበት የድሮ መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ይሆነዋል ወይ? እኔ ማንበብ አልችልም፣ ይሄንንም የጻፈችልኝ ልጄ ናት። በምን ልርዳው? *(አባት፣ ከአምባሰል)*

መልስ፦ አባቴ፣ ሳጥኑን ይክፈቱት። ይሆነዋል። ክፍልፋይ፣ አሥርዮሽ፣ መቶኛ፣ ዙሪያና ስፋት ያኔም ዛሬም ያው ናቸው። የተለወጠው የምዕራፉ አደራደር ነው፣ አንዳንዱም ርዕስ ከክፍል ክፍል ተዛውሯል። ልጁ የድሮውን መጽሐፍ አንድ ቀን ይዞ ይሂድና መምህሩን ይለምን፣ ዘንድሮ የሚያስፈልጉትን ገጾች በእርሳስ ምልክት ያድርጉለት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ እምቢ የሚል መምህር አይመስለኝም።

አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ለሚማሩበት ደግሞ፣ ሦስቱ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቤት ይሰብሰቡ። አንዱ ጥያቄውን ያንብብ፣ ሁሉም በየደብተራቸው ይሥሩ፣ ከዚያ መልስ ያስተያዩ። መልሳቸው ሲለያይ ይከራከሩ፤ የሚማሩት ያኔ ነው። ለሦስቱም የተለያየ መጽሐፍ ከመግዛት ይሄ አይተናነስም ብዬ ነው የምነግርዎት።

በምን ልርዳው ላሉኝ፣ እርስዎ ሒሳብ ያውቃሉ። ገበያ ወጥተው ጤፍ ኪሎው 130 ብር ቢሆን 3 ኪሎ ተኩል ስንት እንደሚመጣ በጭንቅላትዎ ይይዙታል። ሦስቱ ኪሎ 390፣ ግማሹ 65፣ በጠቅላላው 455። ልጁ ይሄንኑ በወረቀት 3.5 × 130 ብሎ ይሥራው፣ እርስዎ በቃል ይናገሩ፣ እኩል ይመጣ እንደሆነ ይዩ። ማሳ ላይም እንዲሁ። በየጎኑ 50 ሜትር የሆነ መሬት 2,500 ካሬ ሜትር ነው፣ ሩብ ሄክታር፤ በብዙ ቦታ አንድ ጥማድ የሚባለው እሱን የሚያህለው ነው። ልጁ በእርምጃው ይለካና ስፋቱን ያውጣ፣ ዙሪያውንም። ዙሪያና ስፋት የሚምታታባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፣ በእግሩ የዞረው ግን አይምታታበትም።

ማታ ሲያጠናም አጠገቡ ይቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፣ "ይሄን ለምን እንዲህ አደረግኸው?" ማስረዳት ካቃተው አልገባውም ማለት ነው፣ በነጋታው መምህሩን ይጠይቅ። ለዚህ ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ሚኒስትሪ እየደረሰ ነው። ቴሌግራም ላይ ብዙ ፒዲኤፍ አውርጃለሁ፣ ሞዴል ፈተና ብቻ ከ20 በላይ አለኝ። ሁልጊዜ የማመጣው ግን ከመቶ 50 እና 55 ነው። ምን መጽሐፍ ልጨምር? *(ተማሪ፣ ከወልድያ)*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አትጨምር። 20 ሞዴል ሠርተህ ውጤትህ ካልተነሳ 21ኛው አያነሳውም። የሠራሃቸውን ሦስቱን አውጣ። የሳትካቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አይተህ አጠገባቸው ለምን እንደሳትክ ጻፍ። ትምህርቱ አልገባህም? ጥያቄውን በደንብ አላነበብክም? ወይስ እያወቅኸው ስሌት ላይ ቸኮልክ? ብዙዎቹ አልገባኝም ከሆኑ ሞዴሉን ለጊዜው ተወውና ወደዚያ ምዕራፍ፣ ወደ መማሪያ መጽሐፉ ተመለስ። ብዙዎቹ ችኮላ ከሆኑ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ 2(ኤክስ − 3) = 10 ላይ ሁለቱን ለኤክስ ብቻ አባዝተህ ሦስቱን ትረሳለህ፣ 8 መምጣት የነበረበት 6.5 ይመጣብሃል። መድኃኒቱ ያገኘኸውን ቁጥር መልሰህ ጥያቄው ውስጥ መክተት ነው። 6.5ን ብትከት 7 ይመጣል፣ 10 አይደለም። በቃ፣ አወቅኸው።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ ሆን ብሎ ይፈትንሃል። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ሲሄድ በሰዓት 40፣ ሲመለስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 50 አልክ አይደል? ሲሄድ 3 ሰዓት ፈጀበት፣ ሲመለስ 2። 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ 48 ነው። ካሉህ ፒዲኤፎች ውስጥ እንዲህ አድርጎ አሠራሩን የሚያሳየውን አንዱን አስቀር፣ ሌላውን አጥፋው። ፈተናው ወጣ እያሉ የሚልኩትንም አትክፈት፣ ጊዜህን ነው የሚበሉት።

ከአሁን ጀምሮ በሳምንት አንድ ሞዴል ብቻ ሥራ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኩን ለእናትህ ሰጥተህ፣ ሰዓት ይዘህ፣ ወረቀት ላይ። የጥያቄውን ብዛትና የሚሰጠውን ሰዓት ከመምህርህ ጠይቀህ በዚያው ልክ አድርገው። እሑድ የሳትካቸውን ብቻ። ከአራት ሳምንት በኋላ ስንት እንዳመጣህ ጻፍልኝ፣ የሳትካቸውንም ሦስት ጥያቄ ከነአሠራርህ ላክልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።