ስለ ግብር፣ በጀትና ኑሮ ውድነት ጠይቁኝ

የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ማታ ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ፊስካል ፖሊሲና የአቅርቦት ፖሊሲ ይምታቱብኛል።

ፊስካል ማለት መንግሥት ከኪስህ የሚወስደውና የሚያወጣው ነው፦ ግብር፣ በጀት፣ ድጎማ። የአቅርቦቱ ደግሞ ምርቱ እንዲበዛ፣ ዕቃው በርካሽ ገበያ እንዲደርስ የሚሠራው ነው፦ መስኖ፣ መንገድ፣ መብራት፣ ገበያን ለውድድር መክፈት። መምታታታቸው አይግረምህ። የማዳበሪያ ድጎማ ወጪው ከበጀት ነው፣ ውጤቱ ግን የሚታየው ማሳ ላይ ነው።

ደመወዜ 5,000 ብር ነው። የግብር ማሻሻያው ምን ጠቀመኝ?

በ2008ቱ አዋጅ 697 ብር ከ50 ትከፍል ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ 500 ብር ነው። 197 ብር ከ50 ተረፈህ። 2,000 ብር የሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ 157 ብር ከ50 ይቆረጥባት ነበር፤ አሁን ምንም ግብር አይቆረጥባትም።

ስጦታ ነው ግን እንዳትለኝ። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነካም። በዚያ መሃል ዋጋ ናረ፣ ደመወዝም እየተንፏቀቀ ተከተለው። የመግዛት አቅሙ ያልጨመረ ሰው ከ15 በመቶው እርከን ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 25 ወጣ። አዲስ አዋጅ ሳይወጣ ግብር ተጨመረ ማለት ነው። በየወሩ መጨረሻ ፔሮል ስሠራ በዓይኔ አየው ነበር። ለእኔ ማሻሻያው ከተወሰደው ከፊሉን መመለስ ነው።

መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ለምን አያትምም?

ሲያደርገው ኖሯል እኮ! ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ማለት ያው ነው። ዕቃው ሳይጨምር ብሩ ሲበዛ ውጤቱን መርካቶ ታየዋለህ። በ2016ቱ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ይህ እንዲቆም ተወሰነ፤ አሁን የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም ገንዘቡን በቀኑ እመልሳለሁ የሚልበትን የብድር ወረቀት፣ እየሸጠ ይበደራል።

ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ተጨማሪ በጀት ለምን አስፈለገ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲተው ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱ ሁሉ በብር ሲሰላ ተወደደ። ጫናው በአንዴ ሕዝቡ ላይ እንዳይወድቅ ድጎማ ያስፈልጋል፤ ለመንግሥት ሠራተኛም የደመወዝ ጭማሪ ነበር። በ971 ቢሊዮን ብሩ በጀት ላይ በ2017 ኅዳር ወደ 582 ቢሊዮን የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ዕዳ መክፈያም አለበት።

የአቅርቦት ፖሊሲ ሠርቶ ያየኸው የት ነው?

ቴሌ ላይ። ለሳፋሪኮም የተሰጠው ፈቃድ በ2013 ለመንግሥት 850 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ድርጅቱ በ2015 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ለደንበኛው አማራጭ መጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ሌላ ነው። ሼዱ ተሠራ፣ መብራት ገባ፣ ልጆቹ ሠለጠኑ። በ2014 ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ስትታገድ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። መስፊያ ማሽኑ ያው ነው፤ ገዢው ነው የጠፋው።